የጣቢያው ሣር

ዛሬ ጠዋት የግቢዬ ሣር ላይ አራት ቡናማ ክቦች ወጥተው አገኘሁ። አትክልተኛው ገና ሳይጠጋ "የጎረቤት ውሻ ነው፣ እትዬ፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" ሲለኝ፣ መነጽሬን አድርጌ በዚህ ዕድሜዬ ተንበረከክሁና አፈሩን በጣቴ ቆንጥሬ ቀመስሁት። ጃጀች ብሎኝ ይሆናል። የፈለግሁት አዳማ በልጅነቴ የቀመስሁትን ጨው ነበር።

አዳማ ያኔ በሐዲዱ ግራና ቀኝ የተበተነች፣ ነፋስ ሲነሣ አቧራዋ ጥርስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ትንሽ ሰፈር ነበረች። አባቴ የባቡር ጣቢያው አትክልተኛ ሲሆን ዋና ሥራው፣ ሁላችን ሙሴ የምንለው ፈረንጅ የጣቢያ ሹም ከመስኮቱ ሥር ያስተከላትን፣ የአልጋ ልብስ የምታህል ሣር ማለምለም ነበር። ከብት የማይግጣት፣ ቤት የማይከደንባት ሣር በዚያ የውሃ ችግር ጠዋት ማታ መጠጣቷ ሰፈሩን ሲያስቀው ከረመ፤ አባቴ ግን ስለ እርሷ ሲያወራ የታመመ ሰው አጠገብ ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

አንድ በጋ ሣሯ ቡናማ ክብ በክብ ሆነች። ሙሴ እያንዳንዱን በከዘራው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ ክረምት እስኪገባ ካልለመለመች ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ለአባቴ ነገረው። አባቴ ዞር ብሎ ያየው የእትዬ ዘይነባን ፍየል ነው። እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት በዚያች ፍየል ወተት ነው።

"ሽንቷ ነው ያቃጠለው፣ ዘይነባ።"

"ወላሂ አንተ ሰውዬ! እሳት ነው እንዴ የምትሸናው?" ብለው ሳቁ፤ በማግስቱ ግን አሰሯት።

ታስራም ክቦቹ በዙ። እኔ ነገር ካልገባኝ እህል የማይወርድልኝ ልጅ ነበርሁና ቆሜ አየኋቸው። ከሐዲዱ በኩል ተነሥተው ወደ መስኮቱ መስመር ይዘዋል፤ መስመሩ የእኔ መንገድ ነበር። ከጉድጓድ መመላለሱ የአባቴን ወገብ ስለቆረጠው፣ ላግዘው ብዬ፣ የእንፋሎቱ ባቡር ሲቆም ከሆዱ የሚያፈስሰውን፣ ሲፈላ የዋለ ውሃ በላምባ ቆርቆሮ እየቀዳሁ፣ ክርኔን ነክሬ መቀዝቀዙን ሳላረጋግጥ አላፈስስም ነበር። ቆርቆሮውን ገልብጬ አየሁት፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። የክቦቹ ጠርዝም ነጭ ነው። ሁለቱንም ቀመስኋቸው፤ አንድ ዓይነት መራራ ጨው።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ግን ሣሩን የገደለችው የአትክልተኛው ልጅ ናት ከተባለ ሙሴ አባቴን እንደማያሳድረው ስለገባኝ፣ ቆርቆሮውን አመድ ውስጥ ቀበርሁና ዝም አልሁ። በዚያው ሳምንት አባቴ ለሹሙ እከስሻለሁ ብሎ ስለዛተ እትዬ ዘይነባ ፍየሏን ለአቦምሳ ነጋዴ ሸጧት። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ጨዉን አጠበ፣ ሣሯም እንደ አዲስ አቆጠቆጠች።

እትዬ ዘይነባ ያንን አይተው፣ ልጁን አዝለው በራችን ላይ ቆሙ። "ለካ እውነትህን ኖሯል፤ የእኔው ጉድ ነች። አፉ በለኝ፣ ወንድሜ።"

አባቴ "አፉ ብያለሁ" አላቸው። ልጁ ጀርባቸው ላይ ሆኖ የሻሻቸውን ጫፍ ይጠባ ነበር። በዓመቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ልጁ ይደግ አይደግ አላወቅሁም። እኔም ዕድሜዬ ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ መምህሩ ውሃ ተንኖ ሲያልቅ ምን እንደሚቀር ሲጠይቀን፣ ከክፍሉ ሁሉ አሳምሬ እያወቅሁ እጄን አላወጣሁም።

የዛሬው አፈር ጨው የለውም። ሣሩን ሳብ ሳደርገው ሥሩ ተበልቶ እንደ ምንጣፍ ተነሣ፤ ከሥሩ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ለአትክልተኛው አሳየሁትና ለጎረቤት አንዳች እንዳይናገር ነገርሁት።

"እሺ፣ እትዬ" አለኝ፣ ሳቅ እያለ። "ደግሞስ ውሻ ነው ቢባል ማን ይጎዳ ነበር?"

አፌ ውስጥ ያለውን አፈር ገና አልተፋሁም ነበር።