በካርድ ክፍል ያስቀመጥናቸው ነርስ

በቡታጅራ ከተማና በመስቃን ገጠር ብዙ እናቶች የሚያውቋቸው ሲስተር ዘይነባ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ለሞት ያበቃቸው ለረጅም ጊዜ ያሠቃያቸው የኩላሊት ሕመም ነው። በዕለቱም ከአስር ሶላት በኋላ በትውልድ መንደራቸው ተቀብረዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው፣ ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው የሠራሁት ነርስ ትርሲት ነኝ።

በማግስቱ በጤና ጣቢያችን ግቢ ተሰብስበን ኃላፊያችን የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። «ቤት ለቤት እየዞሩ መብላት ያቃታቸውን ሕፃናት የታደጉ እናት» አላቸው። እኔ አቀርቅሬ ሰማሁ። ቤት ለቤት መዞሩን የከለከላቸው እርሱ ነበር። ሲከለክላቸው ያገዝኩት ደግሞ እኔ።

ሥራቸውን ለማያውቅ ላስረዳ። አንዳንድ ልጆች ርቧቸው እንኳ መብላት አይችሉም። አንገታቸው አይጸናም፣ ምላሳቸው አይታዘዝላቸውም፣ የጎረሱት ወደ ሳንባቸው ይገባል። እኛ እንዲህ ያሉትን መዝነን፣ «ከስቷል» ብለን ጽፈን፣ አልሚ ምግብ አስይዘን እንሸኝ ነበር። ሲስተር ዘይነባ ግን «ምግቡንስ ሰጠን፤ አዋዋጡን ማን አሳያቸው?» አሉና እየቤታቸው መሄድ ጀመሩ።

መጀመሪያ ይዘውኝ የሄዱት ሀያት ከምትባል የአራት ዓመት ልጅ ቤት ነው። ግማሹን በጋሪ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ሀያት ስትወለድ ታፍና አንጎሏ የተጎዳ ልጅ ናት፤ ክብደቷ የአንድ ዓመት ሕፃን አያህልም። ስንገባ አክስቷ ጭኗ ላይ አንጋልላ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ በመዳፏ ወተት ታንቆረቁርላታለች። ልጅቷ ትን እያላት ትንፈራገጣለች። ልጮህ ስል ሲስተር ክንዴን ያዙኝ። እጃቸውን ታጥበው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና አክስቲቱን «እስቲ አንቺ ራስሽ ተንጋለሽ ውኃ ጠጪልኝ» አሏት። ሞከረች፤ ትን አላት፤ እየሳቀች ስትስል ቆየች።

«እሷም እንዲሁ ነው የምትሆነው» አሏት ሲስተር ቀስ ብለው። «ለመናገር አቅም አጥታ ነው እንጂ።»

ከዚያ ብርድ ልብስ ጠቅልለው በጀርባዋና በጎኗ እየደገፉ ሀያትን ቀና አድርገው አስቀመጧት። ወተቱን ትተው ወፈር ያለ የቡላ ገንፎ በትንሽ ማንኪያ ጫፍ አቀረቡላት። «ያፏን ሳትውጥ ሌላ አይሰጥም» አሉ ለእናቷ ለራዊያ። «ይጠብቅ ማንኪያው! ምን አስቸኮለው?» በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንት ማንኪያ ዋጠች። አንዴም ትን አላላትም። ራዊያ «ወላሂ፣ ሳታለቅስ ስትበላ አይቻት አላውቅም» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። በየሳምንቱ ተመላለስን። ከጥቂት ወራት በኋላ ሀያት ማንኪያውን ስታይ አፏን ራሷ መክፈት ጀመረች።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ኃላፊ ተሾሞ መጣና ስብሰባ ጠራን።

«ሲስተር፣ እርስዎ አንዲት ልጅ ሲያጎርሱ ግማሽ ቀን ያልፋል። እዚህ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። እነዚያ ግን መሰለፍም የማይችሉ ናቸው» አሉት።

ወደ እኔ ዞረ። «አብረሻቸው የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ግማሽ ቀን አይፈጅም?»

ቅዳሜና እሑድ ወልቂጤ እየተመላለስኩ ልማር የጠየቅሁበት ደብዳቤ ፊርማውን እየጠበቀ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ጊዜስ ይወስዳል» አልኩ። ስለ ሀያት አፍ መክፈት፣ ስለ ሌሎቹም ልጆች አንድ ቃል አልወጣኝም። ሲስተር ትንሽ አዩኝና ደብተራቸውን ዘጉ። በሳምንቱ ካርድ ክፍል ተመደቡ። ከሠላሳ ዓመት ነርስነት በኋላ ከመደርደሪያ ላይ ካርድ ፈላጊ ሆኑ። የእኔ ደብዳቤ ተፈረመ።

እርሳቸው ግን በዕረፍታቸው ቀን፣ እሑድ እሑድ፣ ብቻቸውን መሄዱን አልተዉም። በኋላ ሕመሙ ጠንቶ እግራቸው አበጠ። «ትርሲትዬ፣ እግሬ እንቢ አለኝ። እነ ሀያት ጋ ብቅ በይላቸው» ብለው ሁለት ጊዜ ለመኑኝ። ሁለቴም «እሺ» አልኩ። ፈተና ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

ክረምቱ ሲገባ፣ ራዊያ ገበያ በዋለችበት ቀን፣ ለእንግድነት የመጣች ዘመድ ሀያትን በጀርባዋ አስተኝታ ወተት ሰጠቻት። ክፉ አስባ አይደለም፤ ያሳያት አልነበረም። ወተቱ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን ራዊያ ትንፋሽ አጥሯት አዝላ አመጣቻት። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። የምችለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ቀትር ላይ ትንፋሿ ቆመ። ራዊያ አልጮኸችም። «ሲስተር ለምን ቀሩብን? ምን አጠፋን?» አለችኝ።

ካርድ ክፍል ገብቼ መርዶውን ነገርኳቸው። ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከዚያ እኔን ሳያዩ «እኔ እግር አልነበረኝም። አንቺ መንገዱን ታውቂው ነበር» አሉኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። በተቆጡኝና በተገላገልኩ!

ሲስተር ዘይነባ፣ አሁን በግቢያችን አንድ ክፍል በስምዎ ሊሰየም ነው። ልጆቹ ቤት የሚሄድ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተመደበም። ትናንት ሄጄ ለራዊያ ያን ቀን በስብሰባው ያልኩትንም፣ በኋላ መቅረቴንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ብጠብቅ ብጠብቅ አልተመለሰችም። ከእርስዎም ይቅርታ መለመን የነበረብኝ ዓይንዎ እያየ ነበር፤ ደጅዎ ደርሼ ተመለስኩ። አላህ በጀነት ያሳርፍዎ። ሀያትን ካገኟት፣ እርስዎ እንዳልረሷት ይንገሯት፤ እኔ እንዳስቀረሁዎትም አይደብቋት።