ባሕር መሃል የነገሩኝ

የፀሐይ ክሬም ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዳላስ ውስጥ በሰመር የትም ብሄድ ይሸተኛል፤ መዋኛ ገንዳ ዳር፣ ፓርክ ውስጥ፣ ሌላው ቀርቶ ቸርች በር ላይ እናቶች የልጆቻቸውን አፍንጫ ሲቀቡ። ሌላውን ሰው ዕረፍት ያስታውሰው ይሆናል። እኔን ግን ስልኮች ገና የሚታጠፉ ወደነበሩበት ዘመን፣ ወደ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ግሪክ አገር ወደ አንዲት የሸራ ጀልባ ይመልሰኛል። ደሜም እንደ አዲስ ይፈላል።

ጉዞው የአባቴ ሐሳብ ነበር። ዳዲ አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ዓመት አቴንስ ኖሯል፤ ቱሪስት በሚያመላልስ መርከብ ላይ ሰሃን ያጥብ ነበር። ኒኮስ የሚባል የዚያን ጊዜ ጓደኛው በኋላ የራሱን ጀልባ ገዝቶ፣ "ቤተሰብህን ይዘህ ና፣ ደሴቶቹን ላዙራችሁ" ሲለው ኖሯል። ዳዲ ታክሲ ይነዳል፣ ማሚ ነርስ ናት፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ዕረፍት ወስደው አያውቁም። ያንን ሰመር ግን ወሰዱ። እኔና ታናሽ እህቴ ሊዲያ ከደስታችን ብዛት አልጋ ላይ ስንዘል ጣውላው ተሰበረ፤ ማንም አልተቆጣንም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ልንሄድ ስንል በነበረው እሑድ፣ ዳላስ አጠገብ፣ እኛ በምንኖርበት ጋርላንድ፣ ቸርቻችን ውስጥ ሴቶቹ ካቀፉኝ ቶሎ አልለቀቁኝም። አክስቴ ጽጌ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንደ ወትሮዋ አልጎተተችኝም። "ማሂዬ፣ የኔ ጎበዝ" እያለች አንገቴን ሳመችኝ። ለጉዞው መስሎኝ ኮራሁ።

ባሕሩ ውብ ነበር፤ ይሄን ልክድ አልችልም። ውኃው ከመጥራቱ የተነሳ መልሕቁ ታች አሸዋው ላይ ሲያርፍ ይታየን ነበር። ጠዋት ኒኮስ ሞተሩን ሲያስነሳ ናፍጣ ይሸተናል። ሸራው ሲወጠር ሞተሩ ይጠፋና ውኃው የጀልባዋን ሆድ ሲመታ ብቻ ይሰማል። እኔና ሊዲያ ካርታ እንጫወታለን፤ ነፋሱ አንዷን ነጥቆ ባሕር ውስጥ ሲከታት እንጮኻለን። ከሰዓት አንዱ ደሴት ላይ ወርደን ከሰል ላይ የተጠበሰ ዓሣ ሎሚ እየጨመቅንበት እንበላለን። ዳዲ ከኒኮስ ጋር በግሪክኛ ሲቀልድ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ማሚ ትስቅ ነበር። ቤታችን ውስጥ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ስንሻገር፣ ሊዲያ ባሕሩ አዙሯት ታች ተኝታ ነበር። ዳዲ ጠራኝ። ማሚ ከጎኑ ጉልበቷን አቅፋ ውኃውን ታያለች።

"ማሂዬ፣ እኔና ማሚ ተነጋግረናል" አለኝ። "ስንመለስ እኔ አፓርትመንት እገባለሁ፤ ግራንድ ፕሬሪ። ሩቅ አይደለም፣ ኦኬ?"

"ለምን?"

"ማለቴ... አብረን መኖር አልቻልንም። ለእናንተ ግን ምንም አይለወጥም።"

"ዲቮርስ ልታደርጉ ነው?"

"አዎ፣ የኔ እናት" አለች ማሚ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ቤት ብሆን ኖሮ ክፍሌ ገብቼ በሩን ድርግም አድርጌ እዘጋው ነበር። ጀልባ ላይ የት ይኬዳል? ዙሪያው ውኃ ነው። ወደ ኒኮስ ስዞር ቶሎ ብሎ ወደ ሸራው ቀና አለ። ገባኝ።

"እሱም ያውቃል?"

ዳዲ አቀረቀረ።

"አክስቴ ጽጌስ? ፓስተሩስ? ቸርች ያሉት ሁሉ?"

"እንዲጸልዩልን ነግረናቸዋል" አለች ማሚ።

ያቺ መልስ ናት ያበገነችኝ። ሴቶቹ ለካ ያቀፉኝ አዝነውልኝ ኖሯል። የሚፈርሰው የእኛ ቤት ሆኖ ሳለ ጋርላንድ በሙሉ ሲያውቅ፣ የማናውቀው እኔና ሊዲያ ብቻ ነበርን።

ወደቡ እንደደረስን ገመዱ ሳይታሰር ዘልዬ ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጠግኑበት አካባቢ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና "ተመልሼ አልገባም" አልኩ። ማሚ መጥታ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ ሄደች። ኒኮስ ነፋስ ሳይነሳ መውጣት አለብን እያለ ከጀልባው ይጣራል። በመጨረሻ ዳዲ መጣ። አንጠልጥሎ የሚወስደኝ መስሎኝ ድንጋዩን ጨበጥኩ። እሱ ግን አጠገቤ ተቀመጠ።

"ጋርላንድ እያለን ልትነግረኝ አትችልም ነበር?" አልኩት።

"አንድ ጊዜ እንኳን አራታችንም አብረን ደስ ይበለን ብዬ ነው።"

"ደስ ብሎኝ ነበር!" ብዬ ጮህኩበት። "እሱን ነው ያበላሸኸው!"

መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ቀና ብለው አዩን። ዳዲ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ነፋሱም ተነሳ፤ ጀልባዋ እንደታሰረች ዋለች። ማንም አላስገደደኝም። አሸንፌ ነበር፤ ያገኘሁት ነገር ግን አልነበረም።

ዳላስ ኤርፖርት ስንደርስ አክስቴ ጽጌ እኛን ልትወስድ፣ የዳዲ ጓደኛ ደግሞ እሱን ሊወስድ መጥተው ነበር። መኪኖቹን ጎን ለጎን ፓርክ አድርገዋቸዋል። ሊዲያ ዳዲን ተከትላ ሮጠች፤ ማሚ እጇን ያዘቻት።

አሁን ትልቅ ሰው ነኝ። ዳላስ ከተማው ውስጥ እኖራለሁ፤ ከእናቴም ከአባቴም ቤት መሃል። ሰው እንደሚፋታ አውቃለሁ፤ የሚያናድደኝ እሱ አይደለም። ማሚ ክሊኒክ ውስጥ መርፌውን ከጀርባዋ ደብቃ ሕፃኑን በአሻንጉሊት ታዘናጋለች። እኛን ያዘናጉን በባሕር ነው። ያን የሚያክል ደስታ ሰጥተውኝ፣ ለምን እንደሰጡኝ ደግሞ እዚያው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያቅፈኝ ምን ሰምቶ ይሆን እላለሁ።

ባለፈው የሊዲያ ልደት ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ ማሚ በአንዱ ጥግ፣ ዳዲ በሌላው። ሊዲያ ለጓደኞቿ "የሕይወቴ ምርጥ ሰመር ግሪክ የሄድን ጊዜ ነው" አለች። ዋናውን፣ ዓሣውን፣ ዳዲ ጀልባው ላይ ሲዘፍን እያነሳች ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አይደል ማሂ?" አለችኝ። ወላጆቼ ሁለቱም ከየጥጋቸው አዩኝ። ዳዲ ሹካውን አስቀመጠ።

"አዎ" አልኩ። "ቆንጆ ነበር።"

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና መሪውን በቡጢ መታሁት። ቆንጆ ነበር እኮ።