ዳገቱን የመረጥን ዕለት

በዚያ የክረምት ውድድር ፍጻሜ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። በእኔ ትዝታ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሜዳው ግን ደረቅ ነው፤ በረኛችን የነበረው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተንከባልያለሁ ብሎ ይምላል። የምንስማማው በጭንቀቱ ብቻ ነው።

ኮልፌ የምንጫወትበት ሜዳ ወደ ወንዙ ያዘነብላል። ስለዚህ በሰፈራችን የቆየ ልማድ አለ፤ ዕጣ የወጣለት ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ ቁልቁል ይጫወታል፤ ጉልበት ሳለ ጎል አግብቶ፣ ኋላ እየተከላከለ ለመጨረስ። አሰልጣኛችን በዚሁ ልማድ ሁለት ፍጻሜ ተሸንፎ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ዘንድሮ ዋንጫው ካልመጣ ቡድኑን ለሌላ እንደሚሰጡ ፊት ለፊት ነግረውታል። ገበያ ውስጥ ጫማ የሚሸጥ፣ ሲናደድ ድምፁን የሚቀንስ ሰው ነው።

ክረምቱን ሙሉ ልምምዳችን ሽቅብ ብቻ ሆነ፤ ሽቅብ ሩጫ፣ ሽቅብ ቅብብል። ዕጣው ከወጣልንም በመጀመሪያው አጋማሽ ዳገቱን እንድንመርጥ አሰልጣኛችን አዘዘ። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣሁ አማካይ ነበርኩና ምክንያቱን ካላወቅሁ እግሬ አይታዘዘኝም።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው ዳገቱን የምንመርጠው?»

«ከሰዓት በኋላ ወጨጫ ተራራ ላይ ደመና ይቋጠራል። በሁለተኛው አጋማሽ ይዘንባል፤ ያኔ በጭቃ ሽቅብ የሚወጡት እነሱ ናቸው። እስከዚያ ኳሷን ያዙ፣ አትቸኩሉ።»

በፍጻሜው ዕለት ዕጣው ለአምበላችን ወጣ፤ ዳገቱን መረጠ። የገዛ ደጋፊዎቻችን ተንጫጩ።

«ምን ነካው ይሄ ልጅ? ቁልቁለቱን በል እንጂ!»

«አሰልጣኝ፣ ዳገት ካማረህ እንጦጦ አለልህ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወደፊት ልሮጥ በተነሳሁ ቁጥር ከመስመሩ ዳር የአሰልጣኛችን እጅ ይነሳል። «ቦታህ! ዛሬ ጀግና አያስፈልገኝም!» መቆም እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። በግራ በኩል ኳሷ ቁልቁል ተንደርድራ አለፈችንና ጎል ገባብን።

በእረፍት ሰዓት ሁላችንም ወደ ወጨጫ አንጋጠን ቆምን። ደመናው ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ሰማዩን ተዉትና እነሱን እዩ» አለ አሰልጣኛችን ድምፁን ቀንሶ።

ተጋጣሚዎቻችን መሬት ላይ ተዘርረው ባታቸውን ያሻሉ። ቁልቁል ሲያጠቁ ቆይተው፣ ኳስ በተነጠቁ ቁጥር ሽቅብ እየሮጡ ተመልሰዋል።

«አሁን ሂዱ።»

ሄድን። ብዙም ሳንቆይ አቻ ሆንን፤ መጨረሻው ላይ ለማጥቃት ዳገቱን የወጡት ተከላካዮቻቸው ተመልሰው ሳይደርሱ ሁለተኛዋን አገባን። ያቺን ኳስ ያቀበልኩት እኔ ነኝ ብዬ ለዓመታት አውርቻለሁ፤ አሁን አሁን እጠራጠራለሁ። ዝናቡንም ቢሆን የነገረን እንድንታገስ ይመስለኛል። «ይደክማቸዋል» ቢለን ማናችን እናምነው ነበር?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሜዳ ገብተው አንገቱን አቀፉት። «ለከርሞም አንተው ነህ!»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ልምምድ አለ» አለ አሰልጣኛችን።

«ኧረ ጋሼ!» አለ አምበላችን፤ «ዋንጫውን እንኳ ገና ስመን አልጠገብንም!»

«ሳሙት። ነገ ግን ያ ጎል ለምን እንደገባብን ታሳዩኛላችሁ።»

ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን በጭፈራው መሃል መንገድ እየከፈተ፣ ጎሉ ወደገባበት የሜዳው ግራ ጥግ ብቻውን ይራመድ ጀመር።