ከተገናኙ ከአንድ ሰዓት በኋላ

የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ላይ የመጣችውን ሦስተኛ ጥያቄ ልርሳት ብልም አልችልም። አንድ እግረኛ ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚያው ሰዓት አንድ በቅሎ ጋላቢ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ወደ ሰበታ ይመጣል። በመካከላቸው ሃያ አራት ኪሎ ሜትር አለ። መቼ ይገናኛሉ? ከተገናኙ ከአንድ ሰዓት በኋላስ ምን ያህል ይራራቃሉ?

ህንዳዊው መምህራችን እኛን ደስ ሊያሰኝ ነው መሰለኝ በባቡር ፈንታ በቅሎ ያስገባልን። አቅጣጫው ተቃራኒ ከሆነ ፍጥነቶቹን ደምሩ ብሎናል። ደመርኩ፤ አሥራ ሁለት። ሃያ አራትን ለአሥራ ሁለት አካፈልኩ፤ ሁለት ሰዓት። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። ሒሳቡ ጠፍቶኝ አይደለም።

ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ያንኑ መንገድ ከአባቴ ጋር በእግር ሄደን ነበር። እኔ አዲስ አበባ ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ እሱም እዚያው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረው። የአገራችን ባላባት የአያቴን ማሳ ወደ ራሱ ወሰን ከልሎት ነበር። ጎረቤቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ቢሉት፣ አባቴ ባላባት ንጉሥ አይደለም ብሎ ከሰሰ። ሦስት ዓመት ተመላለሰ። ያን ቀን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስሙ ሲጠራ ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋል።

ከሰበታ ወጥተን ዓለም ገና ከተማ ስንደርስ ባላባቱ ራሱ በበቅሎ ከፊታችን መጣ። ፍርድ ቤት ነገረ ፈጁን ስለላከ እሱ መቆም የለበትም። በእኛ አገር ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ያገኘ እጅ ነስቶ፣ ወደ መጣበት ዞሮ፣ «ይበቃል» እስኪባል ድረስ ይሸኛል። አባቴ ጋቢውን አደግድጎ ዞረ። የከሰሰውን ሰው ሊሸኝ።

«ወዴት ነህ?» አለው ባላባቱ።

«ገበያ ነበር፣ ጌታዬ።»

ባላባቱ የአባቴን ባዶ እጅ አይቶ ሳቀ። ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ እያነሳ ያወራው ጀመር። አባቴ እርካቡ አጠገብ ሱክ ሱክ ይላል። ቀጠሮው እንዳያልፍ በሹክሹክታ ብነግረው ዞር ብሎም አላየኝ። በቅሎዋ ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትዘገይ ይዘገያል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ክንድ አልጨመረም። ያን ጊዜ ከባላባቱ ይልቅ አባቴን ጠላሁት። የተሰናበትነው ሰበታ መግቢያ ላይ ነው። መንገዱን ሁሉ ብንሮጥም ፍርድ ቤት ስንደርስ መዝገቡ ተዘግቷል። ማሳችንም በዚያው ቀረ።

ታዲያ ምን ልጻፍ? መምህሩ ዜሮዬን በቀይ ሰርዞ አሥራ ሁለት ጻፈበት። እኛ አገር እግረኛው እንደሚዞር ሄጄ ባስረዳው ከልቡ ሳቀ፤ ለክፍሉም ነገረ፣ ክፍሉም ሳቀ። ከእነሱ ውስጥ ባላባት የሚሸኝ አባት ያለው አልነበረም።

ቅዳሜ ሰበታ ስገባ ወረቀቱን ለአባቴ አሳየሁት። ማንበብ ስለማይችል ጥያቄውን አነበብኩለት፤ መልሴንም ነገርኩት። ለእሱ የተከራከርኩለት መስሎኝ ነበር፤ የሚኮራብኝም መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጣጥፎ መለሰልኝ። ሆድ ሲብሰው «ልጄ» ብሎ የሚጠራኝ በኦሮምኛ ነው።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «መዞሬን ለምን ጻፍሽው?»