ባትሪ ሲደክም የተሰማ ዜማ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ሲኒማ ቤት ሥር ባለ ፓርኪንግ፣ ስምንት ዓመት ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ፊልም አይቶ የሚወጣው ሰው ሁሉ በእኔ መስኮት ነበር የሚያልፈው። አንዳንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፣ አንዳንዱ የፓርኪንግ ትኬቱን ጥሎ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃል። እኔ ደግሞ ፊልሙን ሳላየው ሙዚቃውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ነበረኝ፦ መጀመሪያ ሙዚቃውን እሰማለሁ፣ ታሪኩን ከጭንቅላቴ እፈጥራለሁ፣ ፊልሙን የማየው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ልናገርና አብዛኛውን ጊዜ የእኔ ታሪክ ይሻል ነበር።

ሙዚቃ ስል ዘፈኑን አይደለም። ያ ቃል የሌለው፣ መቶ ሰው ተሰብስቦ በቫዮሊን፣ በቼሎ፣ በጥሩምባና በከበሮ የሚጫወተው፣ ከተዋናዮቹ ኋላ ኋላ የሚሄደው ነው። ሲዲውን ከላይብረሪ እዋሳለሁ። ገንዘብ በምቀበልባት ጠባብ ቡዝ ውስጥ የነበረኝ ግን ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ካሴት ማጫወቻ ብቻ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ እህቴ ቤት እየሄድኩ ወደ ካሴት እገለብጠዋለሁ። ደብተርም ነበረኝ። የአንዱን ፊልም ቀብር ከሌላው ቀብር፣ ድልን ከድል፣ ማሳደድን ከማሳደድ ጋር አወዳድራለሁ። «ይኼኛው ቀብር ላይ ቫዮሊኑ ቸኮለ። ማልቀስ የነበረበት ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው» እያልኩ እጽፋለሁ። ማን ጠየቀሽ ብትሉኝ ማንም።

እህቴን እትዬ ነው የምላት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እዚህ አገር ያመጣችኝም እሷ ናት። ይህን ሙዚቃ ግን አትወደውም። በእሷ የወጣትነት ዘመን ራዲዮው ዘፈኑን ትቶ ቃል የሌለው ሙዚቃ ካጫወተ፣ ወይ መንግሥት ተገልብጧል ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ ካሴቴን ስገለብጥ ከኩሽና ብቅ ትልና «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ?» ትለኛለች።

እትዬ ሌላም ነገር ነበራት። ከኤርፖርት ጀምሮ በእኔ ፋንታ የምትናገረው እሷ ናት። ባንክ ብንሄድ እሷ፣ አፓርታማ ልከራይ ብል እሷ። አንድ ጊዜ ጀርባዬን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ እኔን ጠየቀኝ፣ እትዬ መለሰች፦ ጨጓራዋን ነው፣ የቤተሰባችን በሽታ ጨጓራ ነው። አንድ ወር ሙሉ በታመመ ጀርባ የጨጓራ መድኃኒት ዋጥኩ። እንግሊዝኛ አጥቼ አይደለም፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስጣላ ነው የምውለው። እሷ አጠገቤ ከቆመች ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ያን ሁሉ ያደረገችልኝን እህት ዝም በዪ ማለት ነውር መሰለኝ። 

እንዲህ ስንኖር፣ አንድ የጥር ጠዋት፣ ቡዝ ውስጥ የካሴቱ ባትሪ ደከመ። አገር ቤት ቢሆን ባትሪውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነፍስ እዘራበት ነበር። ምድር ቤት ውስጥ ምን ፀሐይ አለ? እየተጎተተ ይጫወት ብዬ ተውኩት። ካሴቱ ላይ የነበረው የአንድ የባሕር ጦርነት ፊልም ሙዚቃ ነው። መርከቧ አሸንፋ ወደ ወደብ ስትገባ ጥሩምባው ደረቱን ነፍቶ የሚጫወተውን የድል ዜማ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ባትሪው ሲደክም ዜማው ተጎተተ፣ ወፈረ፣ ወደ ታች ወረደ። እጄ የአንድ ባለመኪና የገንዘብ መልስ እንደያዘ ቀረ። ይኼን አውቀዋለሁ። ይኼ የመምህርቷ ቀብር ነው።

ያው አቀናባሪ ከዓመታት በኋላ ስለ አንዲት የገጠር መምህርት ለተሠራ ፊልም ሙዚቃ ጽፎ ነበር። መጨረሻ ላይ መምህርቷ ስትቀበር ቼሎው ብቻውን የሚጫወተው ዜማ አለ። በደብተሬ ከቀብሮች ሁሉ አንደኛ ያልኩት እሱን ነው። ሰውዬው ያንኑ የድል ዜማ ወስዶ አዘግይቶ ቀበረው። ባለመኪናው ጡሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ነው መልሱን የሰጠሁት።

ይህን ነገር ለላይብረሪዋ ሠራተኛ ነገርኳት። የምዋሰው የፊልም ሙዚቃ ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው የሚወደውን ነገር የሚያካፍልበት ዝግጅት እንዳላቸው ነገረችኝና፣ ሃያ ደቂቃ ትናገሪያለሽ? አለችኝ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት ረጅም እንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ እሺ ግን አጭር ነው።  እትዬ ወሬውን ስትሰማ ወዲያው ኮል አደረገችኝ። «ሰው ፊት ቆመሽ ልትናገሪ? ብቻሽን? አይሆንም፣ እኔ እመጣለሁ» አለች። መጥታም ፊት ለፊቴ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ሃያ አምስት የሚሆን ሰው ነበር። የጻፍኩትን አነበብኩ። ሁለቱንም ሙዚቃ ከሲዲው አሰማሁና፣ ሁለቱ አንድ ዜማ ናቸው አልኩ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በወታደር ባንድ ውስጥ ጥሩምባ የነፉ ጡረተኛ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። «የመጀመሪያውን ራሴ ብዙ ጊዜ ተጫውቼዋለሁ። ሁለተኛው ሌላ ዜማ ነው፣ እመቤቴ» አሉ፣ በትሕትና።

መልሱን አውቀዋለሁ። እንግሊዝኛውን ስፈልግ ዘገየሁ። እትዬ ይህን ጊዜ ብድግ አለች፣ ወደ ሰዉ ዞረችና በዚያ ባማረ እንግሊዝኛዋ፣ «ይቅርታ አድርጉላት፣ እህቴ ሙዚቃ አልተማረችም። ማለት የፈለገችው ይመሳሰላሉ ነው» አለች።

ደሜ ፈላ። ጨጓራም ሲሆን ችዬአለሁ፣ ይኼን ግን አልችልም። «እትዬ፣ ቁጭ በዪ። ይመሳሰላሉ አላልኩም» አልኳት፣ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።  ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ያገሬ ሴት በቀስታ «ጎሽ» ስትል ሰማኋት። እትዬ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። ወረቀቱን ትቼ በራሴ እንግሊዝኛ፣ ግሱ ወዲያ ስሙ ወዲህ እየሆነብኝ፣ «አይመሳሰሉም፣ አንድ ናቸው። ይህ ሰው ድሉን ወስዶ ቀበረው። ይስሙ» አልኳቸው። ካሴት ማጫወቻዬን አወጣሁ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ያመጣኋቸውን የደከሙ ባትሪዎች ከተትኩና ተጫንኩት። ያ ደረቱን የነፋ ጥሩምባ እየተጎተተ መጣ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሰሙ። ሲያልቅ፣ «ጫፉ ላይ ብቻ ነው የሚለየው» አሉ።

«አዎ። የድሉ ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል። የቀብሩን ወደ ታች አወረደው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ስንት ጊዜ ነፋሁት፣ አንድም ቀን አልሰማሁትም» አሉና አጨበጨቡ። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። አሜሪካ ከገባሁ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሲቲዘን ስሆን እንኳ፣ በእናታችሁ፣ እንዲያ አልሆንኩም። ከሃያ ደቂቃው አልፌ አንድ ሰዓት ያህል አወራሁ፣ የሚያስቆመኝም ጠፋ።

ሰዉ ሲበተን የላይብረሪዋ ሠራተኛ ወደ እኛ መጣች። እትዬ ከወንበሯ አልተነሳችም ነበር። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ፣ «እርስዎስ፣ እንዴት ነበር ለእርስዎ?» ብላ ጠየቀቻት።  እትዬ ወደ እኔ ቀና አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«አስለቀሰኝ በያት። ግን አዝኜ አይደለም በያት። ኮርቼ ነው።»

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩና፣ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ፣ እህቴ ያለችውን ነገርኳት።