ከጆንያው ክምር ሥር

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ከአንድ እህል ቤት ደጃፍ ቆሜ ሽምብራ ስመርጥ፣ አንድ ሠራተኛ የተሸከመውን ኩንታል ከኋላዬ ሲሚንቶው ላይ ዱብ ሲያደርገው የሰሊጥ ብናኝ ቦነነና አፍንጫዬን ሞላው። ምን እንደሆነ ሳላውቀው ግድግዳው ላይ ተለጥፌ፣ ሁለት እጆቼን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ተገኘሁ። ባለሱቁ ደንግጦ «ምነው እመቤት፣ አመመዎት?» ቢለኝ ሽምብራውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ በቆላዋ ከተማ በሸሕዲ ሰሊጥ አበጣሪ ነበረች። አዝመራው ሲገባ ከበረሃው እርሻ በትራክተር ተጎታች የሚመጣው ሰሊጥ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይራገፋል፤ ሴቶቹ መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠው በወንፊት እየነፉ ጠጠሩንና ገለባውን ይለያሉ፤ ሐማሎቹ ደግሞ የተበጠረውን በጆንያ ሞልተው፣ ክምሩ ላይ በተደገፈ ሳንቃ እየወጡ፣ ጣሪያው ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ይቆልሉታል። ለትምህርት ስላልደረስሁና ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ውሎዬ እዚያው፣ በእናቴና በእትዬ ዘነበች መካከል ነበር። እትዬ ዘነበች ከወሎ የመጡ፣ ከአበጣሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው፤ ወንፊታቸውን እየነቀነቁ ተረት ያወራሉ፣ ተረቱ የሚጥምበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያስነጥሳቸዋል፣ ሲያስነጥሳቸው ደግሞ የት እንደደረሱ ይረሱና ሴቶቹ ሁሉ እየሳቁ ያስታውሷቸዋል። ማታ እናቴ ስታጥበኝ ከጆሮዬም ከእምብርቴም ሰሊጥ ስለሚወጣ «አንቺንስ ብጨምቅሽ ለዓመት የሚበቃ ዘይት ይወጣሻል» ትለኝ ነበር።

ሲስቁ ግን አንዳቸውም ጀርባቸውን ለክምሩ አይሰጡም። ይህን ያየሁት በልጅ ዓይኔ ነው። ክምሩ ከሩቅ ሲታይ ግንብ ይመስላል፤ ሥሩ ሲቀመጡ ግን ይተነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ግሎ መንጫጫት ሲጀምር፣ ከታች ያሉት ጆንያዎች ከላያቸው በተጫነው ክብደት ሆዳቸው ይነፋና አንዳንዴ አንዱ ስፌቱ ተተርትሮ ሰሊጥ ሽ… እያለ እንደ ውኃ ይወርዳል። ያኔ የሴቶቹ ወንፊት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። ድምፁ እስኪያቆም ድረስ ማንም ዓይኑን አያርገበግብም። ከዚያ አንዷ ትስቃለች፣ ሌሎቹም ይከተሏታል፣ ሥራው ይቀጥላል። ሥራውን የሚቆጣጠረው ካቦ ራሱ ይፈራ ነበር፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ ክምሩ ወደ እኛ ዘንበል ብሎ አገኘነው። ሁሉም አየው። እትዬ ዘነበች «ካቦ፣ ይኸ ነገር እኮ ሊመጣብን ነው» አሉ። ካቦው በሩ ላይ እንደቆመ «መኪናው ሊጭን ቆሟል፣ ቶሎ ቶሎ በሉ» አለ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣

«እባክህ ሐማሎቹ ከላይ ትንሽ ይቀንሱልን፤ እኔ እንኳ ልጅ ይዣለሁ» አለችው።

«ልጅ ይዘሽ ነይ ያለሽ ማን ነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እጄን ይዛ አወጣችኝና ከመንገዱ ማዶ ራኩባ ሥር፣ ከዚያች የሣር ዳስ ጥላ ውስጥ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ መጠጥ ከምትሸጠው ሴት አጠገብ አስቀመጠችኝ። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ» ብላኝ ተመለሰች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች በሩ ውስጥ ስትገባ አየኋት።

ክምሩ ሲወድቅ እንደፈራሁት ነጎድጓድ አልነበረም። መሬቱ ከመቀመጫዬ ሥር አንዴ ዱብ አለ፣ የከርከዴው ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ፣ ከዚያ በበሩ ቡናማ አቧራ እንደ ጭስ እየተንከባለለ ወጣ። ቀጥሎ ዝም። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። ከዚያ ሴቶቹ እያሳሉ፣ ፀጉራቸውም ፊታቸውም በብናኝ ተለብጦ አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነውብኝ እያንዳንዷን «እማዬ!» እያልሁ ብጮኸም አንዷም እናቴ አልነበረችም። ባለከርከዴዋ ወገቤን ይዛ አልለቅ አለችኝ፤ እጇን ነከስኋት፣ አሁንም አልለቀቀችኝም።

ያረጋል የሚባል የጎጃም ሐማል ነበር፤ ክምሩ ሲናድ አናቱ ላይ ቆሞ ነበርና ከጆንያው ጋር አብሮ ወርዶ በተአምር ተርፏል። አንድ እግሩን እየጎተተ ወደ እኔ መጣና ቁጢጥ አለ። «እናትሽ ደኅና ናት። እትዬ ዘነበችን እያወጣች ነው» አለኝ። አላመንሁትም። ትልቅ ሰው ልጅን ሲዋሽ እንደዚያ ቁጢጥ እንደሚል አውቅ ነበር።

እናቴ በመጨረሻ ወጣች። የጣቶቿ ጫፎች ደምተዋል። አላቀፈችኝም፤ ያየችኝም አልመሰለኝ፤ ባለከርከዴዋን «ውኃ፣ ውኃ ስጪኝ» ብላ ጣሳውን ተቀብላ ተመልሳ ሮጠች። እትዬ ዘነበችን በሳንቃው ላይ አጋድመው አወጧቸው። ዓይናቸው ተገልጧል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ እግራቸው ግን ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ጋሪ ላይ ሲጭኗቸው ሴቶቹ ዙሪያውን ቆመው ነበር፤ አንዲትም አላለቀሰችም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ወንፊቷን አነሣች። በሩ ላይ ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝሁ።

«እማዬ፣ አትሂጂ።»

«ወዴት ልሂድ ታዲያ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ እውነት የምትጠይቀኝ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ወዲያ መጋዘኑ ውስጥ አልወሰደችኝም። ለጎረቤት አደራ ትሰጠኝና ትሄዳለች። እትዬ ዘነበች እግራቸው ትንሽ ከዳነ በኋላ ልጃቸው መጥቶ ወደ ወሎ ወሰዳቸው፤ ሲሰናበቱን በምርኩዝ ቆመው ግንባሬን ሳሙኝ። በረድፉ ተረት የሚያወራም አልተገኘም፤ እናቴ እንደምትለው ሴቶቹ ሁሉ ጆሯቸው ክምሩ ላይ ስለነበር ወሬ የሚሰማ አልነበረም። ያ ሳቅ በዚያው ቀረ፤ ዛሬ ብፈልገው ሸሕዲም ጎንደርም አላገኘውም።

ያኔ በየቀኑ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አጥሩ ሥር ቆሜ መንገዱን አያለሁ። የእናቴ ነጠላ ከጥጉ ብቅ ሲል ሮጬ እገባና ስጫወት የዋልሁ እመስላለሁ። እሷም ስትገባ እጇን ከነጠላዋ ሥር ትደብቃለች፤ እስክትታጠብ ድረስ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ማየቴን አልነገርኋትም፤ እሷም አጥሩ ሥር መቆሜን አላነሣችብኝም። እንዲህ ስንደባበቅ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ አደግሁ፣ እሷም አረጀችና ሞተች፤ አንድ ቀን እንኳ «ትፈሪ ነበር ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም።