ከሱቅ የመጣ እራት

ሙሀመድኑር ልብስ ሰፊ ነው። ከሚሴ ውስጥ፣ የደሴ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ዳር፣ በባንተይርጋ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ይውላል። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ ኑሮውን ከጅምሩ አውቀዋለሁ። ረዘም ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ሚስቱ ሰሊማ ከከሚሴ ሥር ካለው ሸለቆ፣ የጨፋ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ነበረች፤ ሳቋ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

ዓፊያ የምትባለው ትልቋ ልጃቸው ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት፣ ትንሹ አንዋር ገና ጡት እንደጣለ፣ ሰሊማ ሳዑዲ ልትሄድ ተነሣች። የተሰፋ ልብስ ከውጭ እየመጣ ገበያውን ስለሞላው ሱሪ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሙሀመድኑር ቀዳዳ ሲጥፍና ዚፕ ሲቀይር ይውላል። ከሰፈራችን ሴቶችም ያልሄደው ጥቂቱ ነው። እሱ እንድትሄድ አልፈለገም። እሷ ግን፣ «ሁለት ዓመት ምን አላት የዓፊያ አባት? ኢንሻአላህ ሳታስበው ከተፍ እላለሁ» አለችው።

ከመሄዷ በፊት ጓዳውን ሞላችው። በርበሬ አስፈጨች፣ ሽሮ አዘጋጀች፣ ድርቆሽ አደረቀች። ጓዳው ከዋናው ክፍል ጀርባ ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ መስኮት የለውም። ድመት እንዳይገባ ተብሎ በሩ ከውጭ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። ሰሊማ እያንዳንዱን ዕቃ ለባሏ አሳየችውና፣ «ይህ እስኪያልቅ ትለምዳለህ» ብላው ሄደች።

እሱ ሳይለምድ ዕቃው አለቀ። መጀመሪያ ላይ እኛ ጎረቤቶች በየተራ ወጥ እናስገባ ነበር። እያደር ግን ተራው እየራቀ ሄደ፤ ሁሉም የራሱ ጣጣ አለበት። እህቱ ረቢአ ከሰንበቴ መጥታ፣ «ልጆቹን ልውሰዳቸው፤ ወንድ ሰው ብቻውን ምን ሊያበላቸው ነው?» አለችው።

«እናታቸው ስትመጣ ቤታቸው ታግኛቸው» አላት።

እንጀራ ከሚሸጡ ሴቶች መግዛት ጀመረ። ወጡ ነበር ጭንቁ። አንድ ቀን ከባንተይርጋ ሱቅ መኮሮኒ ገዝቶ ገባና ውሃው ሳይሞቅ ከድስቱ ጨመረው። ሲያማስለው ቆየ። ሲያወጣው ሙጫ ሆኗል። ልጆቹ ምንም ሳይሉ በሉት። ከሁሉ የከፋበት ዝም ማለታቸው እንደነበር በማግሥቱ ለባንተይርጋ ሲነግረው እኔም በረንዳው ላይ ነበርኩ።

ባንተይርጋ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ በጦሩ ወጥ ቤት ሠርቷል። ሠራዊቱ ሲበተን ከሚሴ ቀረ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ሳያገባ አረጀ። የሚበላውን ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ራሱ ያበስላል። ታሪኩን ሰምቶ ሳቀና መልሶ ደግሞ አዘነ።

«ስማ ሙሄ፤ ውሃው እስኪንተከተክ ጠብቅ፣ ጨው ጣል አድርግበት፣ መኮሮኒው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። እንዳይያያዝ አማስለው። አንዷን አውጥተህ ቅመሳት። ጥርስህን ትንሽ ስትታገልህ ቶሎ አውርደህ አጥልለው።»

«ወጡስ ጋሽ ባንተይርጋ?»

«ወጥ አትበለው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላ፤ አትቸኩልበት። ከዚያ ሳልሳውን በትንሽ ውሃ በጥብጠህ ጨምር። ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ካልጠበቅኸው ይጎመዝዛል።»

እንደዚያ ተጀመረ። ሙሀመድኑር የስፌት ሰው ነውና ልክ ያውቃል፤ አንዴ ያየውን አይረሳም። ወር ሳይሞላ ከሱቁ መደርደሪያ የሚወርደውን ሁሉ መሥራት ቻለ። ሩዝን ከምስር ክክ ጋር ይቀቅላል፤ እርድ ጣል ያደርግበታል። የታሸገ ሽሮ ገዝቶ ነጭ ሽንኩርት ያበዛበታል። የዒድ ሰሞን የሳርዲን ጣሳ ይከፍትና በቃሪያና በቲማቲም ጠብሶ ፓስታ ላይ ያፈሰዋል። በረመዷን የአጃ ሾርባ ይሠራል፤ ቴምሩን በሳሕን ደርድሮ መግሪብ አዛን እስኪል ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል። ባንተይርጋም ብዙ ጊዜ ከማዕዱ አይጠፋም ነበር። ሥጋ ስለሌለበት ማንም ከማንም ጋር ይበላል፤ ባንተይርጋ በሚጾምበት ቀን እንቁላል ብቻ ይቀራል። በግድግዳው በኩል ሳህን ሲንኳኳና ዓፊያ፣ «አባ፣ ጨምርልኝ» ስትል እሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልጆች እዚያ ቤት ማምሸት ይወዱ ነበር።

ሰሊማ ዓርብ ዓርብ በባንተይርጋ ስልክ ትደውላለች። መጀመሪያ የምትጠይቀው፣ «ልጆቹ ምን በሉ?» ብላ ነው። ፓስታ ሲላት እየሳቀች፣ «እኔም ፓስታ ስቀቅል ነው የዋልኩት፤ ልዩነቱ የእኔን የሚበላው ሌላ ነው» ትለው ነበር። ሙሀመድኑር ይችን ንግግሯን እንደ ቀልድ ይዟት ለሰው ሁሉ ነገረ።

ሁለቱ ዓመት አልፎ ሦስተኛው ሲገባ አንድ ዓርብ ስልኩ ዝም አለ። የሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ። ከዚያ ብዙ ዓርቦች አለፉ። የላካት ደላላ፣ «ቤት ቀይራ ይሆናል» ይላል፤ ቆይቶ እሱም ከከተማው ጠፋ። ሙሀመድኑር ሲሰፋ ስልክ በጮኸ ቁጥር የመኪናውን መርገጫ ለቆ ዞር ይላል። ባንተይርጋ ራሱን ሲነቀንቅለት ደግሞ ጎንበስ ብሎ ይቀጥላል። ያም ሆኖ እራት አስተጓጉሎ አያውቅም። ከበፊቱ ይልቅ ዕቃ ያበዛ ጀመር። ጓዳው ውስጥ ከጣውላ መደርደሪያ ሠርቶ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ጣሳውን ሁሉ ደረደረ። «ድንገት ብትመጣ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንባት» ይላል።

በሁለት ሺህ ስድስት ኅዳር ላይ ሳዑዲ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ማስወጣት ጀመረች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ ሴቶች ያወርድ ነበር፤ አንዳንዷ ከነሻንጣዋ፣ አንዳንዷ በፌስታል ብቻ። ሙሀመድኑር ሥራውን እየተወ መናኸሪያ መቆም ያዘ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚወርዱትን ሁሉ አይቶ፣ የለችም ብሎ ሲመለስ ከኋላው፣ «የዓፊያ አባት» የሚል ድምፅ ሰማ። በአጠገቧ አልፎ ነበር፤ አላወቃትም።

አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሳቋ አብሯት አልመጣም። ቤት ሲደርሱ አንዋር ከአባቱ እግር ኋላ ተደብቆ፣ «ይቺ ማናት?» አለ። ዓፊያ አቀፈቻት፤ ግን እሷም እንደ እንግዳ ነበር ያቀፈቻት። ሙሀመድኑር ያን ዕለት ማብሰል የሚችለውን ሁሉ ሠራ። ሰሊማ የጓዳውን መደርደሪያ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው። ወደ ውስጥ አልገባችም።

«ይሄን ሁሉ የደረደርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አልሀምዱሊላህ፣ አልተራቡም።»

«አልተራቡም» አለች ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ፤ ከሩዙም ጥቂት ቀምሳ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከክፍት በር አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። ከጓዳ ዕቃ ሲፈለግ ዓፊያን ትልካለች። ሰፈሩ ማማት ጀመረ፤ አረብ አገር ለምዳ የቤት ሥራ ናቀች ተባለ። አንዴ የጨፋውን ገንፎ ልትሠራላቸው ሞክራ ነበር። እጇ ማማሰያውን አላጠብቅ አላት፤ ገንፎው ጓጎለ። አንዋር አፉ ላይ አድርጎ መልሶ አወጣውና፣ «የአባ መኮሮኒ ይሻላል» አለ። ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል። እሷም አልተቆጣችውም። ተነሥታ ወጣች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙሀመድኑር በረንዳው ላይ ነው፤ ዓፊያ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ሰሊማ ራሷን አበርትታ ምሳ ልሥራ አለችና ዘይት ልታወጣ ጓዳ ገባች። አንዋር ከጨዋታ ሲመጣ የጓዳውን በር ክፍት አገኘው። ድመት እንዳይገባ ሁልጊዜ ዝጋ ይባላል። ዘጋው፤ ቀርቅሮም ሊሮጥ ሲል ጩኸቱ ተነሣ።

እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ብዙ ለቅሶ ቤት ውዬአለሁ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ስደርስ አንዋር ደንግጦ በሩን ከፍቶ ነበር። ሰሊማ ወጣችና ልጁን በሁለት እጇ ገፈተረችው። ግንባሩ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፤ ደሙ ፊቱን ሸፈነው። እሷ ቆማ ታየዋለች፤ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ከኋላዋ መደርደሪያው ተገልብጦ፣ ሩዙና ምስሩ በፈሰሰው ዘይት ላይ ተበትኗል።

ልጁ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ግንባሩ ተሰፋለት፤ ዳነም። ሰሊማ በዚያ ሰሞን ነው ለባሏ የተናገረችው። ለእኔ የነገረኝ እሱ ነው፣ ቆይቶ።

ሳዑዲ ትሠራበት የነበረው ቤት የምግብ ማከማቻ ከሚሴ ካለው ቤታቸው ይሰፋል። እስከ ጣራው ድረስ መደርደሪያ ነው፤ ሩዝ በጆንያ፣ ፓስታ በካርቶን፣ ጣሳው ደግሞ ለሠርግ ይበቃል። አገሬ ስደዱኝ ስላለች ስልኳን ነጠቋት። ቤተሰቡ ለበዓል ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ እንዳታመልጥ ብለው እዚያ ውስጥ ቆለፉባት። ውሃ ትተውላታል።

«እሳት የለ፣ ጣሳ መክፈቻ የለ» አለችው። «ፓስታውን እንዳለ ስቆረጥም ድዴ ደማ። ያ ሁሉ ምግብ ከቦኝ ነው የተራብኩት።»

«ስንት ቀን?»

«መብራቱን አጥፍተውት ነበር የሄዱት። በምን ልወቅ?»

ቤተሰቡ ተመልሶ ካወጣት በኋላ ጊዜ ጠብቃ ጠፋች፤ እስከምትያዝ ድረስም ከአገሯ ልጆች ጋር ተደብቃ ኖረች። ከዚያ ወዲያ ያልደወለችው፣ «ልጆቹ ምን በሉ?» ብላ መጠየቁ ስላቃታት እንደሆነ ነገረችው።

ሙሀመድኑር በዚያው ዕለት የጓዳውን በር ነቅሎ ጣለ። ከመፍሰስ የተረፈውን ለጎረቤት አደለ፤ ከዚያ ወዲያ የዕለቱን ብቻ መግዛት ጀመረ። ባንተይርጋም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ፣ «እኔ ነኝ ያስለመድኩህ» እያለ አጠገቡ ተቀምጦ ዋለ። ይሄ ሁሉ ግን ሰሊማን አላሳረፋትም። ከበሩ ይልቅ የገዛ እጇን ነበር የፈራችው። አንዋር ሲገባ እሷ ትወጣለች። ቁስሉን እንድታጥብለት ጨርቅ ሲሰጧት እንኳ ለዓፊያ ታቀብላለች። አንዋርም እሷ ባለችበት አይተኛም ነበር። በመጨረሻ፣ እናቷ እማማ ሀዲጃ ዘንድ ጥቂት ቀን ልረፍ ብላ ጨፋ ወረደች።

ጥቂት ቀን የተባለው ክረምት ሆነ። ማሽላው ሲታጨድ ሙሀመድኑር ሊያመጣት ሄደ። ስኳርና ጨው ብቻ ይዞ ነበር። ከአውድማው ዳር ብቻዋን አገኛት፤ ፊቷ ትንሽ ሞልቷል። በኦሮምኛ «ናጋ» ብለው ሰላም ተባብለው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እንሂድ ሰሊማ።»

«ዓፊያን ላክልኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ ትምጣ። አንዋርን ግን አታምጣብኝ።»

«ልጅሽ እኮ ነው።»

«ስለሆነ ነዋ።»

ያመጣውን ስኳርና ጨው ሲያስጠጋላት፣ «አፉ በለኝ የዓፊያ አባት» አለችው። «አንተ ምንም አላጠፋህም። ቤትህን አይቻለሁ፤ ያለ እኔ ሞልቷል። ሌላ አግባ፤ ወላሂ አልቀየምህም።»

ምን እንደመለሰላት ጠይቄው ነበር። «ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ተነሣሁ» አለኝ።

ሌላ አላገባም። ዓፊያ በየክረምቱ ጨፋ ትሄዳለች። ስትመለስ ስለ እናቷ ስትጠየቅ፣ «ደኅና ናት» ብቻ ትላለች። አንዋር አደገ፤ እናቱ ከሸለቆው እንዳለች ያውቃል፣ ግን ስሟን አያነሣም ነበር።

አምና በገበያ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲያልፍ፣ ቅቤ ከሚሸጡት ሴቶች መሐል እናቱን አያት። ቆመ። እሷም ቀና አለችና አየችው። ከዚያ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ጀርባዋን ሰጠችው።

ቤት ገብቶ ከደጁ ተቀመጠ። ሙሀመድኑር ከሥራ ሲመጣ እዚያው አገኘው።

«አይታኛለች አባ» አለው። «አውቃኛለች። ታዲያ ለምን ዞረች?»

ሙሀመድኑር አጠገቡ ቁጭ አለ። ለእራት የገዛውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠው። ያን ማታ እዚያ ቤት እሳት አልተለኮሰም።